ሲኩዌንስና ፕሪቪው፦ በኤዲቲንግ ሶፍትዌር ውስጥ የሚምታቱት ሁለት ሴቲንጎች

ቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚጀምር ሰው ቶሎ ዘሎ የሚያልፈው መስኮት የሲኩዌንስ ሴቲንግ ነው። ቁጥር ይበዛበታል። ብዙዎቻችን የመጣውን ተቀብለን እንቀጥላለን፤ መዘዙ የሚታየን ቪዲዮው ኤክስፖርት ተደርጎ፣ ማለትም የመጨረሻ ፋይል ሆኖ ወጥቶ ሲያልቅ ነው።

ሲኩዌንስ ክሊፖች ተደርድረው ቪዲዮ የሚሆኑበት ቦታ ነው። በአዶቢ ፕሪሚየር ፕሮ ስሙ ይኸው ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ታይምላይን ይለዋል፣ ፋይናል ከት ፕሮ ደግሞ ፕሮጀክት። የምስሉ መጠን፣ በሰከንድ የሚያልፈው የፍሬም (የነጠላ ምስል) ብዛት ማለትም ፍሬም ሬቱ፣ የፒክስሉ ቅርጽና የድምፁ ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) የሚወሰኑት እዚህ ነው። የሚገባው ክሊፕ ከየትም ካሜራ ይምጣ ለዚህ ውሳኔ ይገዛል።

የመጠኑ ጉዳይ ቀላል ነው። 3840 በ2160 የተቀረጸ ክሊፕ 1920 በ1080 በሆነ ሲኩዌንስ ላይ በሙሉ መጠኑ ከተቀመጠ መሃሉ ብቻ ይታያል፤ የምስሉ ሩብ ማለት ነው። ስኬሉን 50 ፐርሰንት ሲያደርጉት ሁሉም ይገባል። እንዲያውም ጥቅም አለው፤ ጥራት ሳይጎዳ ወደ አንድ ሰው ፊት ጠጋ ለማለት ቦታ ይሰጣል።

ራስ ምታቱ ፍሬም ሬት ነው። 24፣ 25፣ 30 እሺ፤ 29.97 ከየት መጣ? አሜሪካ በ1953 የቀለም ቴሌቪዥን ደረጃዋን ስታጸድቅ፣ የቀለሙ ሲግናል ከድምፁ ጋር እንዳይጋጭ በሰከንድ 30 የነበረው የፍሬም ፍጥነት ከሺህ አንድ ያህል እንዲቀንስ ተደረገ። ያቺ ሽርፍራፊ እስከ ዛሬ አብራን አለች። ንቀው ካለፏት፣ በ30 እና በ29.97 መካከል በአንድ ሰዓት ውስጥ 3.6 ሰከንድ ልዩነት ይፈጠራል። ከንፈርና ድምፅ ለመለያየት ከበቂ በላይ ነው።

በ25 የተቀረጸ ክሊፕ በ30 ሲኩዌንስ ላይ ሲገባ ደግሞ በየሰከንዱ 5 ፍሬም ይጎድላል። ሶፍትዌሩ ጉድለቱን የሚሞላው አንዳንዱን ፍሬም ሁለት ጊዜ በማሳየት ነው። ቆሞ የሚያወራ ሰው ላይ ላይታወቅ ይችላል። ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር ግን ምስሉ ንቅንቅ እያለ ይሄዳል። እኔ አንዴ ይሄንን አይቼ ኮምፒውተሬን ስረግም ዋልኩ፤ ራም ልጨምርም አስቤ ነበር። ኮምፒውተሩ ምንም አላጠፋም።

ስለዚህ ሲኩዌንሱን በዋናው ክሊፕ ልክ መክፈት ይሻላል። ፕሪሚየር ላይ ክሊፑን ጎትቶ የኒው አይተም ምልክት ላይ መጣል ይበቃል፤ ሴቲንጉን ራሱ ያነብባል። ሪዞልቭ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ታይምላይኑ ላይ ክሊፕ ከገባ በኋላ ፍሬም ሬቱን መቀየር አይቻልም።

ፕሪቪው፣ ማለትም ኤዲት እያደረጉ ስክሪኑ ላይ የሚያዩት ምስል፣ ሌላ ነገር ነው። ሲኩዌንስ ለተመልካቹ ሲሆን ፕሪቪው ለኤዲተሩ ዓይን ነው። የፕሌይባክ ሬዞሉሽኑን ግማሽ ሲያደርጉት ስፋቱም ቁመቱም ስለሚከፈል ኮምፒውተሩ የፒክስሉን ሩብ ብቻ ያሰላል። ምስሉ ደብዘዝ ይላል፣ ግን ሳይቆራረጥ ይጫወታል። ኤክስፖርት የሚደረገው ቪዲዮ በዚህ አይነካም። እሱም ደብዛዛ እንዳይወጣ የሚፈራ ጀማሪ ብዙ ነው፤ በከንቱ ነው።

ፕሪሚየር ታይምላይኑ አናት ላይ ባለቀለም መስመር ያሳያል። ቀይ ከሆነ ያ ክፍል ሬንደር ሳይደረግ (ቀድሞ ተሰልቶ ፋይል ሳይሆን) ያለ እክል ላይጫወት ይችላል። ቢጫ ከሆነ ሬንደር ባይደረግም ይጫወታል ተብሎ ይገመታል። አረንጓዴ የሚሆነው የፕሪቪው ፋይል ሲሠራለት ነው። የዚህ ፋይል ፎርማትና ኮዴክ (ቪዲዮው የሚታመቅበት ዘዴ) የሚመረጠው፣ ግራ የሚያጋባውም ይሄው ነው፣ እዚያው ሲኩዌንስ ሴቲንግ ውስጥ ነው።

ፕሪቪው የመጨረሻውን ቪዲዮ የሚነካበት አንድ መንገድ አለ፤ ኤክስፖርት ላይ "ፕሪቪው ተጠቀም" የሚለውን ሲመርጡ። ያኔ ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ አያሰላም፣ የተሠራውን ፋይል ይወስዳል። ፕሪቪውው እንደ ፕሮሬስ ባለ ጥሩ ኮዴክ ከተሠራ ጊዜ ይቆጥባል። ዝቅ ባለ ጥራት ከተሠራ ግን ያው ጥራት ወደ ቪዲዮው ይገባል።

የፕሪቪው ፋይሎች እየተጠራቀሙ ዲስክ ይሞላሉ። ቢጠፉ ክሊፖቹም ኤዲቱም አይነኩም። አረንጓዴው መስመር ብቻ ተመልሶ ቀይ ወይም ቢጫ ይሆናል።