ውሻ ይዞ ተራራ መውጣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አራት ኪሎ፣ ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ለሚኖር ሰው ተራራ ሩቅ አይደለም። በስድስት ኪሎ አድርጎ ሽሮ ሜዳ መድረስ፣ ከዚያ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ማለት ነው። ውሻውን ይዞ የሚወጣ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። ግን ስለ ጉዞው ከሰው የምሰማቸው አንዳንድ ነገሮች ውሻውን ይጎዳሉ።

«የሐበሻ ውሻ የደጋ ልጅ ነው፤ ዳገት አይከብደውም»

ግማሹ እውነት ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ውሻ ከቆላ ከመጣው ይልቅ ከፍታውን ይለምዳል። ችግሩ የግቢ ኑሮው ነው። የመሃል ከተማ ውሻ ብዙውን ጊዜ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል፣ ከበር አይወጣም። የእግሩ መዳፍ ኮረት አያውቅም። የከተማው መሃል 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,200 ገደማ። እዚያ ላይ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ከፍታ ሰውን እንደሚያሳምም ውሻንም ያሳምማል።

ስለዚህ ቀስ በቀስ አስለምዱት። መጀመሪያ በሰፈር፣ ቀጥሎ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ግማሽ ዳገት። ዓመት ያልሞላው ቡችላ አጥንቱ ገና አልጠናም፤ ለረጅም ዳገት ይቆየው። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ የፈረንጅ ዝርያዎችም ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

«ሲደክመው ራሱ ይቆማል»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ውሻ ከጌታው መነጠል አይወድም። እየነደደም፣ እያነከሰም ይከተላል። የቆመ ቀን ነገሩ ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። መቼ እንደሚያርፍ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ታዲያ ምን ልይ? ከፊት ከፊት ይሮጥ የነበረው ከኋላችሁ ሲቀር፣ ጥላ ባየ ቁጥር ሲተኛ፣ ምላሱ ሰፍቶ ሲንጠለጠልና ምራቁ ሲወፍር፣ አቁሙ። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን በጣት ጫን በሉት። ይነጣል። ስትለቁት በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ ካልተመለሰ፣ ወይም ድዱ ከመጀመሪያው ገርጥቶ ወይም ሰማያዊ መስሎ ከታየ፣ ጉዞው አብቅቷል። ከተንገዳገደ ወይም ካስመለሰው ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ሆዱንና እግሮቹን በውኃ አርጥቡ፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። በየእረፍቱ መዳፎቹንም እያነሳችሁ እዩ። በጣቶቹ መሃል የተሰነቀረች ጠጠር ወይም እሾህ ሳታስነክሰው በፊት ትገኛለች።

«ላይ ብርድ ነው፤ ሙቀት አይመታውም»

ነፋሱ ቢቀዘቅዝም የደጋ ፀሐይ ታቃጥላለች። ውሻ እንደ ሰው ገላው አያልበውም። ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ብትመለሱ ይሻላል። ውኃ ለእሱም ያዙ፤ ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት።

«ከምሳችን ይቋደስ»

የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ኦክስጅን የሚሸከመው ይኸው ሴል ነው፤ ተራራ ላይ ሲሆን ጉዳቱን አስቡት። ዘቢብና ቸኮላትም መርዝ ናቸው። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋል። የለመደውን ምግብ ወይም ያለምንም ቅመም የተቀቀለ ሥጋ ያዙለት።

«ጫካ ገብቶ እንኳ ይታሰራል እንዴ? ይፈታ!»

እንጦጦ ባዶ ጫካ አይደለም። የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን የሚወርዱ እናቶች አሉ። ከዚያ ሸክም ሥር ሆኖ ቀና ብሎ ማየት ይቸግራል። ውሻችሁ ለጨዋታ ዘሎ ቢጠጋቸው ደንግጠው ሊወድቁ ይችላሉ። አህዮች አሉ፣ ሯጮች አሉ፣ ጸበልተኞች አሉ። ከሩቅ ስታዩዋቸው ገመዱን ሰብስባችሁ ከመንገዱ ዳር ቁሙ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ውሻ አይገባም፤ ስለዚህ ማርያምን ወይም ራጉኤልን መሳለም የሚፈልግ ካለ አንዱ ውሻውን ይዞ ውጭ ይቆይ። ሲመሽ ደግሞ ጅብ ይወጣል። ሳይጨልም ውረዱ።

«የቤት ውሻ እብደት አይዘውም»

ይይዘዋል። ባለቤት ከሌለው ውሻ ጋር አንዴ መናከስ ይበቃል። የእብድ ውሻ ክትባቱን በየዓመቱ አስከትቡ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳያድር ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

«እንጦጦን ከቻለ ሰሜን ተራሮችንም ይችላል»

ይችል ይሆናል። ግን አይሂድ! ሰሜን፣ ባሌና የመንዝ ጓሳ የቀይ ቀበሮ አገር ናቸው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ500 ያነሱ ናቸው። ከዋና ዋና ጠላቶቻቸው አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2003 የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ጨርሷል። በኋላም ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታ ገድሏቸዋል። ለእብደት የተከተበ ውሻ ይህን ሁለተኛውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከዚያም በላይ ውሻ ከቀይ ቀበሮ ጋር ይዳቀላል፤ ይህም በባሌ ታይቷል። ጓሳ ስትሄዱ ውሻውን ለጎረቤት አደራ ስጡ። ለእሱ እንጦጦ ሲሰለቸው፣ በምዕራብ በኩል 3,391 ሜትር የሚደርሰው ወጨጫ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ የረር አለለት።