የማሪያ ካላስ የድምፅ ሥልጠናና የሙያ ጅማሬ

ሶፕራኖዋ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ ያላት የኦፔራ ዘፋኝ) ማሪያ ካላስ እ.ኤ.አ. በ1923 ኒው ዮርክ ውስጥ ከግሪክ ስደተኞች ተወለደች። በ1937 ከእናቷ ጋር ወደ አቴንስ ሄዳ በብሔራዊው ኮንሰርቫቱዋር (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) የድምፅ መምህርቷ ማሪያ ትሪቬላ ተማሪ ሆነች። ዕድሜዋ ገና 13 ነበር፤ ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ግን 16 የሞላቸውን ስለነበር ዕድሜዋ ከፍ ተደርጎ ተነገረ።

ልጅቷ ኮንትራልቶ (ዝቅተኛው የሴት ድምፅ) ናት ተብሎ ለመምህሯ ተነግሯት ነበር። ስሕተቱ የተለመደ ነው። ወፍራምና ጠቆር ያለ ድምፅ የሰማ ሰው ዝቅተኛ ድምፅ ይመስለዋል፤ የድምፅ ዓይነት ግን የሚለየው በቀለሙ ብቻ ሳይሆን ሳይደክም ረጅም ሰዓት በሚቆይበት ከፍታና ከአንዱ የድምፅ ክልል ወደ ሌላው፣ ለምሳሌ ከደረት ድምፅ ወደ ራስ ድምፅ፣ በሚሻገርበት ቦታ ነው። ትሪቬላ ካላስ ድራማዊ ሶፕራኖ (ከባድና ኃይለኛ ሶፕራኖ) መሆኗን ቶሎ ተረዳች፤ ልምምዱንም ወደ ላይ አንስታ ቀለሙን ማቅለል ጀመረች። በኤፕሪል 1939 ካላስ በተማሪዎች ዝግጅት «ካቫሌሪያ ሩስቲካና» በተባለው ኦፔራ ላይ የሳንቱዛን ሚና ዘፈነች።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አቴንስ ኮንሰርቫቱዋር ተዛውራ ከስፔናዊቷ ኤልቪራ ደ ኢዳልጎ ጋር መማር ጀመረች። የሙያዋ መሠረት በእውነት የተጣለው እዚህ ነው። ደ ኢዳልጎ ራሷ ቀላልና ፈጣን ድምፅ የነበራት ኮለራቱራ ሶፕራኖ (ፈጣንና ያጌጡ ዜማዎችን የምትዘፍን) ስትሆን፣ ከባዱን ድምፅ እንደ ቀላል ድምፅ አሠለጠነችው፤ እስኬል (ኖታዎችን በተራ መውጣትና መውረድ)፣ ትሪል (ሁለት ጎረቤት ኖታዎችን በፍጥነት ማፈራረቅ)፣ የተሰባበሩ ፈጣን ሐረጎች፣ በለስላሳ ድምፅ የሚያዙ ረጃጅም ኖታዎች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የደረት ድምፅ (በንግግር የምንጠቀምበት ወፍራም ድምፅ) ከፒያኖው መካከለኛ ዶ በላይ ካለው ፋ አካባቢ አልፎ በጉልበት ወደ ላይ ከተጎተተ፣ የድምፅ አውታሮች ክብደቱን ተሸክመው ይወጣሉ። ዘፋኟ ይህን ለማካካስ ትንፋሽ ትገፋለች፤ ከፍተኛው ኖታም ይጠነክርና በሰፊው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ይህ በ20 ዓመት ዕድሜ ባይሰማም በ35 ይሰማል። ካላስ ከጠዋት ጀምራ የሌሎቹን ተማሪዎች ትምህርት ሁሉ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር፤ ለባሪቶንና ለቴነር (ለወንድ ድምፆች) የተጻፈውን ሳይቀር በዚያ አጠናች።

በ1941 በግሪክ ብሔራዊ ኦፔራ «ቦካቾ» ላይ ትንሽ ሚና አገኘች። በኦገስት 1942፣ በጀርመንና በጣልያን ወረራ ውስጥ ባለችው አቴንስ፣ በ«ቶስካ» ኦፔራ የቶስካን ዋና ሚና ተጫወተች፤ በ1944 ደግሞ «ቲፍላንድ» እና «ፊደሊዮ» የተባሉት ኦፔራዎች ተከተሉ። ሁለቱም ለ20 ዓመት ጉሮሮ ከመጠን በላይ ከባድ ናቸው፤ የደ ኢዳልጎ ልምምድ ባይኖር ድምጿ እዚያው ባለቀ ነበር።

በ1945 ወደ አሜሪካ ተመለሰች። ቺካጎ ውስጥ ልትጫወት የነበረው «ቱራንዶት» ኦፔራ አዘጋጁ ድርጅት ስለከሰረ ሳይታይ ቀረ። ለጣልያን በር የከፈተላት የቬሮና ውል ነበር፤ ኦገስት 2 ቀን 1947 በኦርኬስትራ መሪው ቱሊዮ ሴራፊን መሪነት «ላ ጆኮንዳ» ኦፔራ ላይ ዋናውን ሚና ዘፈነች።

የሥልጠናው ፍሬ የታየው በጃንዋሪ 1949 ቬኒስ ነው። በቫግነር ኦፔራ የብሩንሂልዴን ከባድ ሚና እየተጫወተች ሳለ በቤሊኒ ኦፔራ «ፑሪታኒ» ላይ ኤልቪራን የምትዘፍነው ማርጌሪታ ካሮዚዮ ታመመች፤ ሴራፊንም ሚናውን ለካላስ ሰጣት። የቀራት ከአንድ ሳምንት ያልበለጠ ጊዜ ነበር፤ ብሩንሂልዴም ገና አላበቃም። ብሩንሂልዴ የናስ መሣሪያዎችን አልፎ የሚወጣ ድምፅ፣ ኤልቪራ ደግሞ ክብደት የሌለው ፈጣን ድምፅ ትጠይቃለች፤ አንድ ሶፕራኖ ሁለቱን በአንድ ወር ውስጥ ማለፏ ዛሬም ብርቅ ነው። ከዚያ በኋላ ቲያትር ቤቶች የቤሊኒን፣ የዶኒዜቲንና የሮሲኒን የተረሱ ሥራዎች ለእርሷ ያወጡ ጀመር። የሚላኑ ዝነኛ ኦፔራ ቤት ላ ስካላ በ1950 ታማ የቀረችውን ሶፕራኖ ሬናታ ቴባልዲን ተክታ በ«አይዳ» አስገባት፤ ዲሴምበር 7 ቀን 1951 ደግሞ የዓመቱን ወቅት በቬርዲ «የሲሲሊ ቬስፐሮች» እንድትከፍት አደረጋት።