የጥቃት ጉዳት ካርታ ምንድን ነው?

ቀይ የተቀባ የከተማ ካርታ በወጣ ቁጥር አንድ ሰው ብቅ ይልና «ይኸው፣ ወንበዴው የሚኖረው እዚህ ነው» ይላል። የሰሞኑ ባለ አስተያየት ደግሞ «እዚያ ቤት እንዳትከራዩ» ብሎ መከረ። ሰውዬው ቀለሙን እንጂ ካርታውን አላየም።

የጥቃት ጉዳት ካርታ ሰዎች በድብደባ፣ በስለት ወይም በጥይት የተጎዱበትን ቦታ ያሳያል። የተጎዱበትን ነው ያልኩት። ጉዳት አድራሹ የት እንደሚኖርማ ጨርሶ አያውቅም።

ጣራው የሚያፈስ ቤት አስቡ። ውሃው የሚንጠባጠበው አልጋው ላይ ነው፤ አልጋውን የሚወቅስ ግን የለም። ቀዳዳውም ብዙ ጊዜ ከአልጋው በላይ አይደለም። ውሃው ወራጁን ተከትሎ መጥቶ ነው እዚያ የወረደው። ደግሞ የሚያፈሰው ሲዘንብ ነው። ማክሰኞ ጠዋት መጠጥ ቤት የበዛበትን መንገድ አይቶ «ሰላም ነው» የሚል ሰው በበጋ የመጣ ጣራ ጠጋኝ ነው። የፖሊስ መዝገብ ደግሞ አንድ ባልዲ ነው፤ የሚይዘው እሱ ውስጥ የወደቀውን ጠብታ ብቻ ነው።

ይህን የባልዲ ነገር ያስተዋሉት በዌልሷ ካርዲፍ ከተማ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም የነበሩት ፕሮፌሰር ጆናታን ሼፐርድ ናቸው። ተደብድበው ሆስፒታል ከሚመጡት ብዙዎቹን ፖሊስ አያውቃቸውም ነበር። ስለዚህ የድንገተኛ ክፍል መዝጋቢዎች ሦስት ነገር መጠየቅ ጀመሩ፦ በትክክል የት? መቼ? በምን? የተጎጂው ስም እየተሰረዘ መረጃው ለፖሊስና ለከተማው ይደርስ ጀመር። ቅዳሜና እሁድ ፖሊሶች ከዳር ወደ መሃል ከተማ ተዛወሩ። የመጠጥ ፈቃድ ሲጠየቅ መረጃው ይታይ ጀመር። መንገድ ለእግረኛ ብቻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ግምገማ እንዳሳየው፣ በጥቃት ተጎድተው ሆስፒታል የሚተኙት ከ100,000 ሰው በወር ከ7 ወደ 5 ወረዱ። ተመሳሳይ በሆኑ ሌሎች ከተሞች ከ5 ወደ 8 ወጥተዋል። (ከተሞቹ በዕጣ የተመደቡበት ሙከራ ስላልነበረ ለውጡ ሌላ ምክንያትም ሊኖረው እንደሚችል ልጨምር፤ አመል ሆኖብኝ ነው።) ይህ ሁሉ ሲሠራ «የሰፈሩ ሰው ምን ዓይነት ነው?» የሚል ጥያቄ አላስፈለገም።

«ጉዳቱ ለነዋሪው ቁጥር ሲካፈልም ከፍተኛ ነው እኮ» ይላል ባለ አስተያየታችን። ለየትኛው ነዋሪ? መሃል ከተማ የሚያድረው ጥቂት ሰው ነው። ቅዳሜ ማታ ግን ሺዎች ይጎርፉበታል። የሺዎቹን ጠብ ለጥቂቶቹ ካካፈልከው የትኛውም መሃል ከተማ የጦር ሜዳ ይመስላል። መካፈል ያለበት በዚያ ሰዓት እዚያ ለነበረው ሰው ነው። ያ ቁጥር ደግሞ በቀላሉ አይገኝም።

ነጩም ቦታ ያሳስታል። ቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃት በነጥብ መቀመጥ የለበትም፤ ነጥቧ የተጎዳችውን ሴት በር ታሳያለች። ስለዚህ ጸጥ ያለ የሚመስል ሰፈር ጸጥታው የካርታው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀዩ ክብ ራሱስ? ስፋቱን የሚወስነው ካርታውን የሠራው ሰው ነው። በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ 200 ሜትር ቢል ትንንሽ ጠብታ ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ቢል ክፍለ ከተማውን ሁሉ ያቀላዋል። ሶፍትዌሩም የራሱ ጉድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሎስ አንጀለስ ፖሊስ የኢንተርኔት ካርታ ላይ ወንጀል እጅግ የበዛበት ሆኖ የወጣው በከተማው አስተዳደር ሕንፃ አቅራቢያ ያለ ቦታ ነበር። ኮምፒውተሩ አድራሻው ያልገባውን ሁሉ እዚያ ይጥለው ነበር።

እኛ ጋ ችግሩ ቀደም ብሎ ካርድ ክፍል ይጀምራል። ካርድ ሲወጣ የሚጻፈው ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር የታካሚው መኖሪያ ነው። መርካቶ ተደብድቦ አያት የሚኖር ሰው ነጥቡ አያት ላይ ያርፋል። «የት ተመታህ?» የሚል መስመር ቢጨመር እንኳ መልሱ «ከመድኃኒዓለም ወረድ ብሎ፣ ታክሲ መያዣው ጋ» ነው። ስለዚህ መዝጋቢው እጅ ላይ የቤት ቁጥር ሳይሆን ሰው የሚጠራቸው ቦታዎች ዝርዝር መኖር አለበት፤ የቱ መድኃኒዓለም እንደሆነም ይጠይቅ።