የሴቶች ብቻ ትምህርት ቤት ጥቅሙ ምንድን ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ቁጥር አንድ አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። «የሴቶች ብቻ ትምህርት ቤቱ ሁሉንም አሳለፈ! በቃ፣ ሴቶችን ለብቻ ማስተማር ያዋጣል» ይላል። ላይኩ ይጎርፋል። እኔ የትምህርት መረጃ ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝና ደሜ ይፈላል።

ወንድሜ፣ ልጆቹ እንዴት እንደገቡ አይተሃል? በመግቢያ ፈተና ተጣርተው ነው። ቡናውን አንድ በአንድ ለቅመህ፣ ጥቁሩን አውጥተህ ስታበቃ ለጣዕሙ ጀበናውን ታመሰግናለህ? ጀበናው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ያንን ለማወቅ ግን ካልተለቀመ፣ ከአንድ ጆንያ ከተዘገነ ቡና በሁለት ጀበና አፍልተህ መቅመስ አለብህ።

ለዚህ የሚቀርብ ነገር በደቡብ ኮሪያዋ ሴኡል ተደርጓል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በየአካባቢው በዕጣ ይመደብ ነበር። አንዷ የሴቶች ይደርሳታል፣ ጎረቤቷ ቅይጡ። ተመራማሪዎች ሲያወዳድሩ የሴቶቹ የደረሳቸው በኮሪያኛና በእንግሊዝኛ ፈተና በልጠው ተገኙ። ዩኒቨርሲቲም በብዛት ገቡ። ስለዚህ ጥቅም የለውም አላልኩም! ብቻ እዚያም የሴቶቹ ትምህርት ቤቶች የግል ሆነው የመገኘታቸው ነገር ያመዝናል። ከጀበናው ጋር ከሰሉም ተቀይሯል ማለት ነው።

ወደ ትሪኒዳድና ቶቤጎ ስንሄድ ወሬው ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንደሚለው አብዛኞቹ ተማሪዎች ለብቻ በመማራቸው የተለየ ውጤት አላመጡም። የተጠቀሙት የሴቶች ትምህርት ቤት አጥብቀው የፈለጉ ልጃገረዶች ናቸው። «ወንድ ከሌለ ሴቶች ወደ ሳይንስ ይጎርፋሉ» ለሚሉትም መልስ አለው፦ በሴቶች ትምህርት ቤት ያሉት የወሰዱት የሳይንስ ትምህርት እንዲያውም ያነሰ ነበር።

የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትን የሚጠቅሱልኝም አሉ። እዚህ ላይ እስማማለሁ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1931 ሲከፈት አብዛኛዋ ልጅ እዚያ ካልገባች ቤት መቅረቷ ነበር። ከወንዶች ጋር መማር የሚባል ምርጫ ማን ሰጥቷት? ዛሬም «ከወንድ ጋር ከሆነማ አልልክም» የሚል ወላጅ ባለበት ቦታ የሴቶች ትምህርት ቤት ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ቤት ትቀር የነበረችው ልጅ ትማራለች። እሱን ማየት የፈለገ የ12ኛ ክፍሉን ውጤት ይተወውና በመስከረም ስንት ሴት ልጅ እንደተመዘገበች ይቁጠር።