የኖትር ዳም ካቴድራል የመንፈሳዊ ሙዚቃ ኮንሰርቶች

ፓሪስ ውስጥ፣ ሴን ወንዝ መሀል ባለችው ደሴት ላይ የቆመው የኖትር ዳም ካቴድራል ቀን ቀን በጎብኚ ይጨናነቃል። ሲመሽ በሮቹ ይዘጋሉ። ከመስከረም አካባቢ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ግን አንዳንድ ምሽት፣ ብዙውን ጊዜ ማክሰኞ፣ በሩ እንደገና ይከፈታል። ሰዉ ትኬቱን አሳይቶ ወንበሩን ይይዛል፤ መዘምራኑም ይገባሉ። የሚዘመረው ከሞላ ጎደል ለቤተ ክርስቲያን የተደረሰ ነው፤ መዝሙረ ዳዊት፣ የእመቤታችን ጸሎት፣ የሙታን ቅዳሴ፣ ሕማማት። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው "ዝማሬ በትኬት" ሲባል ግር ቢለው አይፈረድበትም። ነገሩ ለፈረንጆቹም ቀላል ሆኖ አያውቅም። በኖትር ዳም ጸሎቱ የት አብቅቶ ኮንሰርቱ የት እንደሚጀምር ሰዎች ለዘመናት ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። የቦታውን የሙዚቃ ታሪክ የሚያጣፍጠውም ይኸው ጭቅጭቅ ነው።

ኮንሰርቶቹን የሚያዘጋጀው በ1991 የተቋቋመ "ሙዚክ ሳክሬ" የተባለ ማኅበር ነው። ያቋቋሙት የፈረንሳይ መንግሥት፣ የፓሪስ ከተማና ሀገረ ስብከቱ በጋራ ናቸው። ሃይማኖትንና መንግሥትን በ1905 በሕግ የለያየች አገር የመንፈሳዊ መዝሙር ማኅበር ስታቋቁም ይገርማል። ሕንፃው ግን የመንግሥት ንብረት ነው። ቤተ ክርስቲያኗ የምትገለገልበት ሕጉ በሰጣት መብት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሳይነጋገሩ እዚያ ቤት ውስጥ ብዙም ነገር አይንቀሳቀስም።

ዋናው ሥራ ያለው በመዘምራን ትምህርት ቤቱ፣ በ"ሜትሪዝ" ውስጥ ነው። ልጆች ከመደበኛ ትምህርታቸው ጎን ለጎን ድምፅና ኖታ ይማሩበታል። ከፍ ያሉት በወጣቶቹ ቡድን ይቀጥላሉ። አዋቂዎቹ ደግሞ መዘመርን ሙያቸው ሊያደርጉ የሚሠለጥኑ ናቸው። በ2014 የትምህርት ቤቱን አመራር ሄንሪ ሻሌ ተረከበ። የመካከለኛው ዘመን ዜማና ግሪጎሪያን የሚባለው ጥንታዊ የላቲን ቤተ ክርስቲያን ዜማ ራሱን የቻለ አስተማሪ አላቸው። አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ማክሰኞ ማታ የሚጨበጨብላቸውና እሁድ በቅዳሴ የሚያገለግሉት እነዚያው መዘምራን ናቸው። ኮንሰርቶቹን ከተራ የኪራይ አዳራሽ ዝግጅት የሚለያቸው ይህ ነው።

የዚህ ሁሉ ሥር በጣም ሩቅ ነው። የካቴድራሉ ግንባታ በ1163 አካባቢ በጳጳስ ሞሪስ ደ ሱሊ ዘመን ተጀመረ። ግድግዳው ገና ሽቅብ እየወጣ ሳለ፣ ሥር ያሉት ዘማሪዎች በአውሮፓ ሙዚቃ ላይ ትልቅ ለውጥ አመጡ። ከዚያ በፊት የቤተ ክርስቲያን ዜማ በአብዛኛው አንድ መስመር ነበር፤ ሁሉም አንድ ዜማ ይላሉ። ሌዮኒን የተባለው ሊቅ በጥንታዊው ዜማ ላይ ሌላ ድምፅ ደርቦ የመዘመሩን ዘዴ አሰፋ፣ በታላቅ መጽሐፍም ሰበሰበው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ፔሮቲን ድምፆቹን ሦስት፣ አልፎም አራት አደረሳቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታችኛው ድምፅ ጥንታዊውን ዜማ ይይዛል፤ ግን አንዷን ፊደል ጎትቶ፣ ጎትቶ ያስረዝማታል። ከላይ ያሉት ሦስቱ በተለካ ምት እየተሻሙ ይዘላሉ። በ1198 ለልደት እንደተደረሰ በሚታመነው የፔሮቲን ሥራ የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ረጅም ጊዜ ትወስዳለች። በዚያው ዓመት ጳጳሱ ኦድ ደ ሱሊ በበዓል ቀን ይታይ የነበረውን ሁካታ የሚገታ ትእዛዝ አወጡ። እዚያው ላይ ግን በሦስትና በአራት ድምፅ መዘመርን ፈቀዱ። ጭፈራው ቀረ፣ ሙዚቃው ተፈቀደ ማለት ነው። ሁሉም አልተደሰተም። በ1320ዎቹ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 22ኛ የድምፅ መደራረቡ ቅዱሱን ቃል እየሸፈነው ነው ብለው፣ ያኔ መንበራቸው ከነበረበት ከአቪኞን ከተማ የተግሣጽ ደብዳቤ ጻፉ።

ጭቅጭቁ በዚህ አላበቃም። አንድሬ ካምፕራ ከ1694 እስከ 1700 የካቴድራሉ የሙዚቃ አለቃ ነበር። በ1697 ኦፔራ፣ ማለትም በዘፈን የሚተወን ቴአትር ጻፈ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ኦፔራ ጻፈ እንዳይባል ስሙን ሳያወጣ አቀረበው። ነገሩ ግን ተደብቆ የሚቀር አልነበረም፤ በመጨረሻ ካቴድራሉን ለቆ ወደ ቴአትር ቤት ገባ። ከእሱ የባሰው ዣን ፍራንሷ ለሱዌር ነው። በ1786 በዚያው የሙዚቃ አለቃነት ተሹሞ ለታላላቅ በዓላት ሙሉ ኦርኬስትራ አስገባ። ሕዝቡ ጎረፈ። ለኦፔራ የሚከፍለው የሌለው የፓሪስ ሰው ኖትር ዳም እየሄደ በነፃ ይሰማ ጀመር። ቀልደኞቹም "የድሆች ኦፔራ" አሉት። አለቆቹ ግን ቀልዱ አልጣማቸውም፤ በ1787 አሰናበቱት። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የኖትር ዳም ኮንሰርት የተጀመረው ያኔ ነው፤ ትኬቱ ብቻ ነበር የጎደለው።

የፈረንሳይ አብዮት ሲመጣ ዝማሬውም ተቋረጠ። ካቴድራሉ በ1793 "የአእምሮ ቤተ መቅደስ" ተባለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀስ በቀስ ሁሉም ተመለሰ።

የዚህ ዝማሬ ኃይል ሲነሳ ስሙ የማይቀር ሰው አለ፤ ገጣሚው ፖል ክሎዴል። በ1886 በልደት ቀን የ18 ዓመት ልጅ ሆኖ ወደ ኖትር ዳም ገባ። እምነት አልነበረውም። ለጽሑፉ የሚሆን ነገር ፍለጋ ነበር አመጣጡ። በሠርክ ጸሎት ላይ ልጆቹ እኛ "ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር" የምንለውን የእመቤታችንን ጸሎት ሲዘምሩ ሰማ፤ በዚያች ቅጽበት አመንኩ ብሎ በኋላ ጻፈ። የቆመበትን ቦታ የሚያመለክት ጽሑፍ ዛሬም ወለሉ ላይ አለ። ለመስማት ብቻ የገባ ሰው ሲሰማ አመነ። እሱን አድማጭ እንበለው ወይስ ምእመን?

ስለ ቤተ ክርስቲያን ኮንሰርት ሮም፣ ማለትም ቫቲካን፣ በ1987 መመሪያ አውጥታለች። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቀርበው መንፈሳዊ ሙዚቃ ወይም ከሃይማኖት ጋር የሚስማማ ይሁን ይላል። ጳጳሱ በጽሑፍ ይጠየቁ። ሙዚቀኞቹ መቅደሱን አይያዙ፣ መሠዊያው ይከበር። ቅዱስ ቁርባኑ ከተቻለ ወደ ጎን ጸሎት ቤት ይዛወር። መግቢያው በነፃ ይሁን፣ ለሁሉም ክፍት ይሁን። የመጨረሻዋ ነጥብ በኖትር ዳምም ሆነ በብዙ የአውሮፓ ካቴድራሎች በሥራ ላይ አልዋለችም። ዘማሪ ይበላል፣ ኦርኬስትራ ይከፈለዋል፤ ስለዚህ ትኬት ይሸጣል።

የኮንሰርቱን ይዘት የሚወስነው ሌላው አለቃ ሕንፃው ራሱ ነው። ርዝመቱ 128 ሜትር ገደማ፣ ጣሪያው 33 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ድምፅ ከተሰማ በኋላ ወደ 6 ሰከንድ ያህል ይቆያል። ፈጣን ሙዚቃ ሲቀርብ ያለፈው ኖታ ከሚመጣው ጋር ይጋጫል፤ ቃሉም አይለይም። መሪው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በየመሀሉ ዝምታ ይጨምራል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባህን ትልቅ ሥራ ሲሰማ ግማሹ ጉም ነው የሚሆንበት። የፔሮቲን ዜማ ግን እንዲህ ላለ ቤት የተደረሰ ነው፤ የተጎተተችው ፊደል ሕንፃውን ትሞላለች፣ ላይኞቹ ድምፆች እሷ ላይ ይጫወታሉ። ስለዚህ ከፕሮግራሙ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ትልቁን ኦርኬስትራ ትቼ ጥቂት ዘማሪዎች የሚቆሙበትን ምሽት እመርጣለሁ። አዲስ ሥራም ይጻፋል። ለካቴድራሉ 850ኛ ዓመት በ2013 የሙዚቃ ደራሲው ፊሊፕ ኤርሳን የእመቤታችንን የሠርክ ጸሎት በአዲስ ሙዚቃ አቅርቧል።

ኦርጋኑም አይረሳም። ኦርጋን ሠሪው ካቫዬ ኮል በ1868 እንደ አዲስ የሠራው ትልቁ ኦርጋን ወደ 8,000 ቧንቧዎች አሉት። ማየት የተሳነው ሉዊ ቪየርን ከ1900 ጀምሮ ሲጫወትበት ኖሮ፣ በ1937 በሰኔ ኮንሰርት እየሰጠ እዚያው መቀመጫው ላይ ሞተ።

ሚያዝያ 15 ቀን 2019፣ የሰሙነ ሕማማት ሰኞ፣ ጣሪያው ተቃጠለ። ትልቁ ኦርጋን ከእሳቱ ተረፈ፤ ግን የእርሳስ ብናኝ ለበሰ። ተፈታ፣ ተጠርጎ ተመልሶ ተገጠመ። የመዘምራኑን ትንሽ ኦርጋን ያበላሸው ግን እሳቱን ያጠፋው ውኃ ነው። መዘምራኑ ቤት አልባ ሆኑ። ለአምስት ዓመት ያህል በፓሪስ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት እየተዘዋወሩ ዘመሩ። በ2020 የልደት ዋዜማ አንድ ኮንሰርት ከተቃጠለው ካቴድራል ውስጥ በቴሌቪዥን ተላለፈ። በቀጭን ከፍተኛ ድምፅ የምትዘምረው (ሶፕራኖዋ) ጁሊ ፉክስና ቼሎ የተባለውን ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወተው ጎቲዬ ካፑሶን ተሳትፈውበታል። መዘምራኑ የግንባታ ሠራተኛ ሄልሜት አድርገው፣ መከላከያ ልብስ ለብሰው ነው የዘመሩት። ተመልካች አልነበረም።

ካቴድራሉ በታኅሣሥ 7 ቀን 2024 ተከፈተ። ሊቀ ጳጳሱ ሎራን ኡልሪክ በሩን አንኳኩ፣ መዘምራኑ ከውስጥ በዝማሬ መለሱላቸው። ከአሥር ቀን በኋላ፣ በ17ና በ18፣ አዲሱ የኮንሰርት ወቅት በባህ የእመቤታችን ጸሎት ተጀመረ።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ቶሎ ትኬት ይያዝ፤ በተለይ ለልደት ሰሞንና ለሕማማት። አዲሶቹ የኦክ እንጨት ወንበሮች 1,500 ያህል ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን መሀሉን አያሳዩም። ዓምድ እንዳይጋርዳችሁ ከተቻለ ወደ ፊት ያዙ። በብርዱ ወራት ካፖርት አይወለቅም። ትኬት ያጣ ደግሞ እሁድ ለቅዳሴ ወይም ለሠርክ ጸሎት ይግባ። ዘማሪዎቹ እነዚያው ናቸው፣ መግቢያውም በነፃ ነው፤ ማጨብጨብ ብቻ የለም።