የመብራት ቆጣሪን ያለ ገመድ የሚያነብ ጌትዌይ

ጌትዌይ በቆጣሪውና በቤት ኔትወርክ መሃል ቆሞ የሚያስተረጉም ትንሽ መሣሪያ ነው። ከቆጣሪው ንባቡን ይቀበላል፣ ከዚያ በዋይፋይ ወደ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ይልካል። ዛሬ በእጅ የሚሠሩት አብዛኞቹ በኢኤስፒ8266 ወይም በታናሽ ወንድሙ በኢኤስፒ32 ቺፕ ላይ የቆሙ ናቸው።

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚፈራው ሬዲዮውን ነው። ሬዲዮው እንኳ ብዙም አያስቸግርም። ከባዱ ኃይል አቅራቢው ቆጣሪው ላይ ያደረገውን እሽግ ሳይነኩ ንባቡን ከቆጣሪው ማውጣት ነው። እሽግ መፍታት በብዙ ቦታ ወንጀል ነው፤ ውስጡ ያለው ኃይልም ይገድላል።

ቀላሉ መንገድ ብልጭ ድርግም የምትለዋ መብራት ናት። ብዙ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች ፊታቸው ላይ አንዲት ኤልኢዲ አለቻቸው፤ አጠገቧም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። ቁጥሩ 1000 ከሆነ አንዷ ብልጭታ 1 ዋት ሰዓት ናት። እዚያ ላይ የብርሃን ሴንሰር በጥቁር ፕላስተር መለጠፍ ብቻ ነው። በዚሁ ቆጣሪ 3600ን በሁለት ብልጭታዎች መሃል ላለው ሰከንድ ማካፈል ደግሞ የወቅቱን ፍጆታ ይሰጣል፦ በየ2 ሰከንዱ ከበራች ቤቱ 1800 ዋት እየበላ ነው። ችግሩ፣ ጌትዌዩ ጠፍቶ የቆየበት ጊዜ ሳይቆጠር ያልፋል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ከቆጣሪው ስክሪን ጋር ማስታረቅ ግድ ነው።

ይህ ጣጣ የሌለበት ሌላ መንገድ የኢንፍራሬድ ወደቡ ነው፤ ቆጣሪው በዓይን በማይታይ ብርሃን መረጃ የሚለዋወጥበት ቦታ ማለት ነው። አንባቢው ጭንቅላት በማግኔት ይጣበቅበታል። በአይኢሲ 62056-21 ደንብ የሚሠሩ ቆጣሪዎች ንግግሩን በ300 ባውድ (የመረጃ ፍጥነት መለኪያ)፣ ማለትም በቀንድ አውጣ ፍጥነት ይጀምሩና ከአንባቢው ጋር ከተስማሙ ይፈጥናሉ። እዚህ የሚገኘው ብልጭታ ሳይሆን ቆጣሪው ራሱ የያዘው ድምር ነው። 1.8.0 የሚል ኮድ ያለው ቁጥር ጠቅላላ የተወሰደው ኃይል ነው።

የኔዘርላንድ ስማርት ቆጣሪዎች ደግሞ ፒ1 የሚባል ለደንበኛው የተተወ ሶኬት አላቸው። አዲሶቹ በየሰከንዱ ይልካሉ። ሲግናሉ ግን ተገልብጦ (0 በ1፣ 1 በ0 ተተክቶ) ስለሚመጣ፣ ይህን ያላወቀ ሰው ትርጉም የለሽ ፊደል ሲያይ ይውላል።

ራሳቸው በሬዲዮ የሚናገሩም አሉ። በአውሮፓ ዋየርለስ ኤም-ባስ የሚባለው የቆጣሪዎች የሬዲዮ ደንብ በ868 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል፤ ሲሲ1101 የምትባል የሬዲዮ ቺፕ ትሰማዋለች። መልእክቱ ብዙ ጊዜ ኤኢኤስ-128 በሚባል ሚስጥራዊ ኮድ ስለሚቆለፍ ግን ቁልፉን ከኃይል አቅራቢው መጠየቅ ያስፈልጋል። ካልተቆለፈ የጎረቤትም ንባብ አብሮ ይመጣል፤ እሱን ማለፍ ነው።

ንባቡ ከተገኘ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ብዙ ሰው ኤምኪውቲቲ በሚባል ቀላል የመልእክት መላኪያ ደንብ፣ የቤት መሣሪያዎችን ወደሚቆጣጠረው ሆም አሲስታንት ሶፍትዌር ይልከዋል። ዋይፋይ ባትሪ ቶሎ ስለሚጨርስ መሣሪያውን ከሶኬት ማብላት ይሻላል። ቆጣሪው በብረት ሳጥን ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሳጥኑ ሲግናሉን ይውጠዋል፤ ሴንሰሩን ውስጥ ትቶ አንቴናውን ወደ ውጭ ማውጣት ነው።