«ፎርዊል አይንሸራተትም» እና ጋራዣችንን ያሰለቹ ሌሎች ስህተቶች

በድሬዳዋ የሰርግ ሰሞን ካለፈ በኋላ ጋራዣችን የሚገቡት የቤት መኪኖች ሕመማቸው አንድ ዓይነት ነው። የጎማቸው ጠርዝ ተልጧል፣ ከኋላ በኩል ያጉረመርማሉ፣ በጠባቡ ሲታጠፉ ይንገጫገጫሉ፤ ባለቤቱ ደግሞ ቀስ ብሎ እየነዳ ሳለ በድንገት እንደጀመረው ይምላል። በአጀቡ መሐል አደባባይ ላይ መኪናውን ስላሽከረከረበት፣ የእጅ ፍሬን ስቦ ስላዞረበት ትርዒት አይተነፍስም፤ ቪዲዮው ግን ብዙ ጊዜ ከመኪናው ቀድሞ እጃችን ይገባል። ሲፋጠጥ የሚሰጠው መልስም የታወቀ ነው፦ «አቦ፣ ፎርዊል እኮ ነው፣ ምን ይሆናል!» ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ያንን መልስ መስማት ስለታከተኝ ነው።

«ፎርዊል አይንሸራተትም» የሚለው እምነት የስህተቶቹ ሁሉ እናት ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። ፎርዊል ማለት የሞተሩ ኃይል ለአራቱም ጎማ የሚዳረስበት መኪና ነው፤ ይህ መዳረሱ የሚጠቅመው መኪናው ከቆመበት እንዲነሣ፣ ከጭቃና ከአሸዋ እንዲወጣ፣ ዳገት እንዲገፋ ነው። ማቆም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሐረር ታክሲ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ያገለገለው ፔጆ 404 እንኳ ፍሬን የሚይዘው በአራቱም ጎማ ስለሆነ፣ ፎርዊል መሆን በዚህ ረገድ የሚጨምረው ነገር የለም። በመታጠፍም እንዲሁ ነው። ኩርባ ላይ መኪናውን በመስመሩ የሚያቆየው ጎማው መንገዱን የሚይዝበት አቅም ነው፤ ይህ አቅም የሚወሰነው በጎማው ጥራትና በመንገዱ ሁኔታ እንጂ ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ በሚያካፍለው ዲፈረንሻል ብዛት አይደለም። በአንድ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን በሰዓት ከ40 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ያሳደገ ሹፌር፣ መኪናውን በመስመሩ ለማቆየት ጎማዎቹ መሸከም ያለባቸውን ኃይል 2.25 እጥፍ ያደርሰዋል። ብዙዎች «በግማሽ ነው የጨመርኩት» ብለው ያስባሉ፤ መንገዱ ግን በዚያ ስሌት አይሠራም።

ከዚህ የባሰው ፎርዊሉ አደጋውን ከሹፌሩ የሚደብቀው መሆኑ ነው። በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳ መኪና በእርጥብ ወይም አቧራ በለበሰ አስፋልት ላይ ነዳጅ ሲበዛበት ጎማው በከንቱ ይሽከረከራል፣ ሹፌሩም መንገዱ እንደማይዝ ወዲያው ይረዳል። ፎርዊሉ ኃይሉን ለአራት ስለሚያከፋፍለው ይህን ምልክት አይሰጥም፤ ሳያንገራግር ይፈጥናል። ሹፌሩ መንገዱ ማዳለጡን የሚያውቀው ፍሬን ሲረግጥ ወይም መሪ ሲያዞር ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ፍጥነቱ ባለ ሁለት ጎማው በዚያው መንገድ ላይ ይደርስበት ከነበረው በላይ ወጥቷል። ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ በሚወርደው የመጀመሪያ ካፊያ፣ አቧራውና የፈሰሰው ዘይት ከውሃው ጋር ተላቁጠው አስፋልቱን በሚያሟልጩበት ሰዓት፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወጣው መንገድ ላይ ካለው ከደንገጎ ተራራ ቁልቁል እየተሳሳቁ ሲሽቀዳደሙ የሚታዩት አብዛኞቹ ይህንኑ መኪና የያዙ ናቸው። ትናንት ጫት ጭኖ ከአወዳይ እየበረረ የወረደውን ፒክአፕ አርአያ የሚያደርጉም አሉ፤ የእርሱ ሹፌር መንገዱን በየቀኑ መመላለሱን፣ እንዲያም ሆኖ ከገደል የማይተርፍበት ጊዜ መኖሩን ይዘነጋሉ።

ስለ ደንገጎ ከተነሣ፣ ፒክአፕ የያዙት ሰዎች «ኩርባው ላይ ፎርዊል ሳስገባ መኪናው አስፋልቱን ይነክሳል» የሚሉትም ልክ አይደለም። እንደ አሮጌዎቹ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ያሉት ብዙ መኪኖች ፎርዊል ሲገባባቸው የፊትና የኋላ ዘንጋቸው አንድ ላይ ይቆለፋል። ኩርባ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት መጓዝ ስላለባቸው፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ሁለቱ ይጓተታሉ፤ መሪው ይከብዳል፣ መኪናው ከመታጠፍ ይልቅ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። ያ ደግሞ ገደል ባለበት መንገድ ላይ ጨርሶ የሚፈለግ ጠባይ አይደለም።

«የራሊ ሹፌሮችስ የእጅ ፍሬን እየሳቡ ያዞሩ የለም ወይ?» ያዞራሉ፤ ነገር ግን የእነርሱ የእጅ ፍሬን በዘይት ግፊት የሚሠራ ሆኖ ሲሳብ ወደ ኋላ የሚሄደውን ኃይል እንዲያቋርጥ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ውስጣቸውም በብረት ቱቦ የታጠረ ነው። በአብዛኞቹ የቤተሰብ መኪኖች ውስጥ ይህ የለም። የኋላ ጎማዎች በፍሬን ተቆልፈው ሳለ ሞተሩ የፊቱን ሲያሽከረክር፣ በመካከል ያለው ኃይል አከፋፋይ፣ ማለትም በዘይት ውስጥ የተደረደሩት ስስ ሳህኖች፣ እየተፋተጉ ይነድዳሉ። ባለፈው በሰርግ ማግስት የመጣ አንድ መኪና የኋላ ዲፈረንሻሉን ዘይት ስናፈስ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ወረደ፤ ማግኔት ያለበት ብሎን በብረት ብናኝ ፀጉር አብቅሏል፣ ሽታውም ጋራዡን ሞላው። ወጣቱ ባለቤት ጣቱን ዘይቱ ውስጥ ነክሮ ብልጭልጩን እያየ «ይሄ ከፋብሪካው ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀን።

የፊቱንና የኋላውን ጎማ አንድ ላይ የሚያስረውን «ሎክ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ከመንሸራተት ያድናል የሚሉም አሉ። በሦስተኛው ትውልድ ቶዮታ ራቭ4 ላይ ይህ ቁልፍ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ራሱ ይለቃል፤ የተሠራው ከጭቃ ለመውጣት ነው።

ድሬዳዋን የሚያቋርጠውን ደረቅ ወንዝ በማሰብ «ደቻቱ አሸዋ ላይ መጫወት አስፋልት ላይ ከመጫወት ይሻላል» የሚለው ደግሞ ለወላጆች ሳይቀር እውነት ይመስላቸዋል። አስፋልት ላይ በጎኑ የሚንሸራተት መኪና ብዙውን ጊዜ ተንሸራቶ ይቆማል፤ አሸዋ ላይ ግን የውጭዎቹ ጎማዎች አሸዋውን እያረሱ ከፊታቸው ይከምሩታል፣ ክምሩም ጎማውን ሲይዘው የላይኛው አካል ወደፊት ይሄድና መኪናው ይገለበጣል። ቁመቱ ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና በዚህ ላይ ይብሳል። ለአሸዋ ብለው የጎማውን ነፋስ የሚቀንሱት ደግሞ ቀጥ ብለው ለመሄድ ልክ ናቸው፤ በዚያው ነፋስ ሲያሽከረክሩ ግን ጎማው ከቸርኬው ይወልቅና ብረቱ አሸዋው ውስጥ ይሰካል። ወንዙ ራሱ የሚታመን አለመሆኑን ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልገኝም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የፈጀው ጎርፍ ሲመጣ የወንዙ አሸዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው የተሸፈነው።

ቀሪዎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ፍሬን ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ በአሸዋና በጠጠር ላይ የማቆሚያ ርቀትን ሊያስረዝም ይችላል፤ ዋና ሥራው ፍሬን ተይዞ መሪ እንዲታዘዝ ማድረግ ነው። በመስኮት ላይ ተቀምጦ ማጨብጨብ «ቀስ ብለን ስለምንሄድ» አይጎዳም የሚባለው ሐሰት ነው፤ መኪናው ዞር ሲል ከላይ ያለው ሰው ይወድቃል። የሦስተኛ ወገን መድን የራስን መኪና አይጠግንም።

ጎማን በተመለከተ ከስህተቱ ይልቅ ምክሩ ይበልጣል። ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና ላይ ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ ማድረግ፣ ያለ ምንም ትርዒት እንኳ፣ አከፋፋዩን ያደክማል፤ ክባቸው ስለሚለያይ በቀጥታ መንገድም ላይ ሳህኖቹ ሳያርፉ ይፋተጋሉ። አራቱንም በአንድ ላይ መቀየር፣ አቅም ካነሰ ደግሞ ቦታቸውን በየጊዜው ማቀያየር ይገባል። የፍሬን ዘይትም ከሁለት ዓመት በላይ ባይቆይ መልካም ነው፤ ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች የማይፈላ ሲሆን እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል፣ ከደንገጎ በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና ደግሞ ያን ሙቀት መድረስ አይቸግረውም።

መኪናው ሲሽከረከር ከዋለ ደግሞ ለሜካኒኩ እንደሆነው መንገር ይጠቅማል። ከተነገረን መጀመሪያ የምንከፍተው የኋላ ዲፈረንሻሉን ነው፤ ካልተነገረን ከኩሽኔታ ጀምረን አንድ በአንድ እንፈታለን፣ የፈታንበትንም ጉልበት እናስከፍላለን።